መሃል ሰፋሪ ያልኳቸው ሴት

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር ልናገር እነሳለሁ፤ ስለ ቁጣዬ፣ ስለ ሐሜቴ፣ ስላስታጎልኩት ጸሎት ሁሉ አወራና ይቺን አንዷን እዘላታለሁ። ምክንያቴ ደግሞ ያስቃል። ኃጢአቴን ለማስረዳት መጀመሪያ የደመወዝ ጥናት ምን እንደሆነ ማስረዳት አለብኝ። የትኛው ቄስ ነው መስቀሉን ይዞ ቆሞ ይህን ሁሉ የሚሰማኝ? እናንተ ግን ተቀምጣችሁ የምታነቡ ናችሁና ታገሡኝ።

ያደረግኩት ይህ ነው፤ አንዲትን ሴት በአንድ ቃል ከእንጀራቸው አፈናቀልኩ። ቃሉ ስድብ አልነበረም። በመጨረሻ የተናገርኩትም ውሸት አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው፤ ሰው እውነት ተናግሮ እንዴት እንደዚህ ይበድላል?

ጊዜው የደርግ ዘመን፣ ቦታው ሮም ነው። አገር ቤት ስታቲስቲክስ መማር ጀምሬ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ ትምህርቱ ተቋረጠብኝና ሮም በቤት ሠራተኝነት የምትኖር አክስቴ አስመጣችኝ። ጣሊያንኛው ቶሎ ገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የቃል ነገር አይሆንልኝም፤ አንድ ቃል ከሰማሁ ከየት መጣ፣ ወንድሙ ማነው፣ ብዬ ካልጠየቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህ ጠባዬ ኤስኲሊኖ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሥራ አስገኘልኝ። የውጭ አገር የቤት ሠራተኞችን የሚረዳ ትንሽ ቢሮ ነበር፤ በአስተርጓሚነት ቀጠሩኝ። አለቃዬ ሲኞራ ካርላ ትባላለች፤ ሲጋራ ከጣቷ የማይለይ፣ ስትናደድ መስኮት የምትከፍት ሮማዊት።

ቢሮው አንድ ነገር ማወቅ ፈልጎ ነበር። ሮም ያሉ የቤት ሠራተኞች በየሥራቸው ዓይነት ስንት ይከፈላቸዋል? ይህ ከታወቀ ከቀጣሪዎቹ ወገን ጋር ተቀምጦ «ከዚህ በታች አይከፈልም» ማለት ይቻላል። የእኔ ድርሻ ሐበሾቹን ሴቶች መጠየቅና ጥያቄውን በአማርኛ ማስቀመጥ ነበር። ካርላ በመጀመሪያው ቀን ጣቷን አውጥታ አንድ ሕግ ነገረችኝ፤ የማንም ስም አይጻፍም፣ የማንም ነገር ለማንም አይነገርም። ይህን ሕግ በአማርኛ አሳምሬ ተርጉሜ ለእያንዳንዷ ሴት እነግር ነበር። «ስማችሁ አይነሳም» እያልኩ። እኔው ነኝ እንዲህ እል የነበርኩት።

ያን ሰሞን እንደነበርኩት ደስተኛ የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ቃላቱ! ቀጣሪው ቤት የምታድር ሠራተኛ «ፊሳ» ትባላለች፤ የተተከለች እንደማለት። በሰዓት የምትሠራዋ «አ ኦሬ» ነች። ሁሉንም የምትሠራዋ፣ የምታበስለውም የምታጥበውም ልጅ የምትይዘውም፣ «ቱቶፋሬ»፤ ሁሉን አድራጊ። እኔ ደግሞ ሁሉን አድራጊ እግዚአብሔር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ «ሎርዶ» ነው። ምንም ሳይቆረጥለት ያለው ደመወዝ ሎርዶ ይባላል፤ ቃሉ በጣሊያንኛ ቆሻሻም ማለት ነው። ተቆራርጦ እጅ የሚገባው «ኔቶ»፣ የጠራው። የእኛም አማርኛ ያልተጣራና የተጣራ ነው የሚለው፤ ሁለቱም ሕዝብ ደመወዝ ላይ ጉድፍ አይቶበታል ማለት ነው።

ይህን ለእትዬ ስንዱ ሳስረዳ በጠላ መሰልኩላቸው። እትዬ ስንዱ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ አርባውን ያለፉ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍታቸው ሲሆን አረንጓዴ ካፖርታቸውን ለብሰው የሚወጡ። ፓሪዮሊ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ ጠበቃ ቤት ፊሳ ሆነው ይሠሩ ነበር።

«ታዲያ አተላው ለማን ይሄዳል?» አሉኝ።

«ለመንግሥት ነው እትዬ፤ ሲያረጁ ጡረታ ሆኖ ይመለሳል።»

«አተላ ጡረታ ሲሆን የሰማሁት ዛሬ ነው» አሉና ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። እሳቸውም እንደኔ ጠያቂ ነበሩ። ምግብና መኝታ እንደ ደመወዝ እንደሚቆጠር ስነግራቸው በጣም ተደነቁ። የሚተኙት የካውያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከልብሱ ክምር አጠገብ። «አሎራ፣ እንግዲያው ተኝቼም ደመወዝ እየበላሁ ነዋ!» ሌሎቹ ሴቶች መልስ ሰጥተው ሲሄዱ እሳቸው ግን «ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ምን ይሆናል?» ብለው የጠየቁኝ ብቸኛዋ ነበሩ። ወደድኳቸው። ዛሬም እወዳቸዋለሁ፤ መውደዴ ግን ምን ረባቸው?

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ።

መልሱ ሁሉ ተሰበሰበ። ከሐበሾቹ መካከል አንዷ ፊልም የሚያሠራ ሀብታም ቤት ትሠራ ስለነበር የሚከፈላት ከሌሎቹ እጅግ ይበልጥ ነበር። ሁሉንም ደምረን ብናካፍል አማካዩ በእሷ ምክንያት ወደ ላይ ተንጠራራ። ካርላ መስኮቱን ከፈተች። «ይህን ካሳየናቸው፣ ሠራተኞቹ በደንብ ይከፈላቸዋል ብለው ይስቁብናል» አለች። ስለዚህ ሌላ መንገድ አሳየችኝ። ሴቶቹን ሁሉ ከትንሹ ደመወዝ እስከ ትልቁ በሰልፍ ታቆሚያቸዋለሽ፤ ትክክል መሃል ላይ የቆመችውን ታያለሽ። የእሷ ደመወዝ «ሜዲያና» ይባላል። ዳር ላይ ያለችው የፈለገችውን ያህል ብትከፈል መሃሏን አትነቀንቃትም። አገር ቤት ትምህርት ላይ ሳለሁ በእንግሊዝኛ አጥንቼው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ታዲያ ይህን በአማርኛ ምን ልበለው? ውጤቱን ለሴቶቹ የሚገልጽ አንድ ገጽ ማዘጋጀት ነበረብኝ። «መካከለኛ ደመወዝ» ብል፣ ጥሩም መጥፎም ያልሆነ ማለት ይመስላል። «ማዕከላዊ» ብል፣ ያ ቃል አገር ቤት ምን እንደሚያስታውስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማንም ሴት ደመወዟ አጠገብ ልታየው አትፈልግም። እሱን ፈርቼ ሸሸሁ። ስሸሽ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ነው። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር አንድ አስመሬ የከፈተው ቡና ቤት ውስጥ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ተሰብስበዋል። ጥናቱ እንዴት ሆነ ብለው ከበቡኝ። እኔም የስኳር ከረጢቶቹን ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ አስቀምጬ ሜዲያናን አስረዳሁ። ማስረዳቴ ለራሴ ጣፈጠኝ። ሁሉም ገባቸው፤ ዓይናቸው ላይ አየሁት። ያን ጊዜ እትዬ ስንዱ አንገታቸውን አስግገው «እኔስ? እኔ ከሰልፉ የት ነኝ?» አሉ።

አውቅ ነበር። ትክክል መሃል ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። «አይነገርም እትዬ፣ ምስጢር ነው» ማለት ነበረብኝ። ግን ቃሉ ድንገት መጣልኝ፤ ያን ያህል ሰሞን ስፈልገው የከረምኩት ቃል፣ እንዲህ ልክክ ብሎ። ምላሴን መያዝ አቃተኝ።

«እርስዎማ እትዬ፣ መሃል ሰፋሪ ነዎት!» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የሳቁት እትዬ ስንዱ ራሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

ለምን እንደሳቅን ለዛሬ ልጆች ልንገር። በዚያ ዘመን መሃል ሰፋሪ ማለት የሰልፍ ነገር አልነበረም። ከአብዮቱም ከተቃዋሚውም ሳይወግን ነፋሱን የሚያይ ሰው ማለት ነው። አገር ቤት በስብሰባ መሃል ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው ያን ቀን ቤቱ ላያድር ይችል ነበር። እኛ ግን ሮም ነን፤ እትዬ ስንዱ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያንና ከካውያ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም። ያሳቀን እሱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር «መሃል ሰፋሪያችን መጡ!» ይባላል፤ እሳቸውም ካፖርታቸውን እያወለቁ «አለሁ፣ ከመሃል አልተነቃነቅኩም» ይላሉ። ቅጽል ስም ሆነ። ቅጽል ስም ደግሞ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም፤ ቃል ስለ ወላጁ አይናገርም። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቅ ነበር?

በክረምቱ መጨረሻ የእትዬ ስንዱ ፓስፖርት ሊያልቅ ሆነ። ፓስፖርቱ ካልታደሰ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ፔርሜሶው፣ አይታደስም፤ ፔርሜሶ ከሌለ ጠበቃው ቤት ሥራ የለም። ኤምባሲው ደግሞ ፓስፖርት ለማደስ በዚያን ጊዜ መንግሥቱን ከሚደግፈው ከእኛው ማኅበር የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቅ ነበር። ማኅበሩን በስም አልጠራውም፤ ሰዎቹ አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ፣ ደግሞም የእኔን ጥፋት የማካፍለው ሰው አልፈልግም። እሑድ ከሰዓት በተከራየነው አዳራሽ እንሰበሰባለን፣ መፈክር እንላለን፣ ደብዳቤ የጠየቁ ሰዎች ስም ይነበባል፣ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ያልፋል።

የእትዬ ስንዱ ስም ተነበበ። እሳቸው አልነበሩም፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጓደኛቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ከኋላ አንድ ሰው፣ ከአገር ቤት ከመጣ ገና ብዙ ያልቆየ ጎልማሳ፣ ተነሣና በሙሉ ልቡ እንዲህ አለ፤ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኚህ ሴት መሃል ሰፋሪ ናቸው ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሐሙስ ሐሙስ ከሚስቁት ሴቶች አንዷም በዚያ አልነበረችም። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መነጽሩን አውልቆ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ አስቴር፣ አንቺ በሥራሽ ታውቂያቸዋለሽ። እውነት ነው ወይ?»

«እንደዚያ ይሏቸዋል» አልኩ።

ይኸው። ተናገርኩት። እንደዚያ ይሏቸዋል አልኩ። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። «ይሏቸዋል፤ ግን የደመወዝ ቀልድ ነው፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ» የሚለው አፌ ላይ ነበር፤ ጣዕሙ እንኳ ትዝ ይለኛል። ለምን ዋጥኩት?

ይህን ጥያቄ ሳገላብጠው ኖሬያለሁ፤ በፀፀት ብቻ አይደለም፣ እውነቴን ነው፣ ማወቅ ስለምፈልግም ጭምር። አንደኛው መልስ ፍርሃት ነው። ቶር ፒኛታራ ሰፈር የሚኖሩ ሌሎች ጓደኞች ነበሩኝ፤ መንግሥቱን የሚቃወሙ፣ በራሪ ወረቀት የሚበትኑ። ቅዳሜ እነሱ ጋ አጨበጭባለሁ፣ እሑድ እዚህ አጨበጭባለሁ። አክስቴ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተረት ትወድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሠራሁበት። «መሃል ሰፋሪ» የሚለው ቃል በዚያ አዳራሽ ሲነሳ የፈራሁት ለእትዬ ስንዱ አልነበረም። ቃሉ ባለቤቱን ፍለጋ የመጣ መሰለኝ። ቀልድ ነው ብዬ ብነሳ፣ ቀጥሎ «አንቺ ይህን ቃል ለምን ትቀልጂበታለሽ?» ሊባል ነው። ከዚያስ ስለ ቅዳሜዬ ቢጠየቅ?

ሁለተኛው መልስ ያሳፍረኛል። ለራሴ «የጥናቱ ምስጢር ነው፤ እትዬ ስንዱ ከሰልፉ የት እንደቆሙ መናገር አልችልም» አልኩ። ሕጉን ለሳቅ ስሰብረው አልቆረቆረኝም፤ ለመደበቂያ ሲሆን ግን ትዝ አለኝ። ሰው ሕሊናውን እንዲህ አድርጎ ማጠፍ ይችላል እንዴ? ይችላል። እኔ አጥፌዋለሁ።

ሊቀመንበሩ አሰበና «እንግዲህ ጉዳያቸው ይጣራ» አለ። ይጣራ! ያ የጠላው ቃል። አልተከለከሉም፤ የተጣራም ነገር አልነበረም። እትዬ ስንዱ በሄዱ ቁጥር «ገና አልተጣራም» ይባላሉ። ፓስፖርቱ አለቀ፣ ፔርሜሶውም ተከትሎ ሄደ። የጠበቃው ሚስት አልቅሳ አሰናበተቻቸው፤ ጠበቃ ቤት ያለ ወረቀት ሰው ማሠራት አይሆንም አለቻቸው። እኔ በዚህ ሁሉ መካከል ነገ ሄጄ ለሊቀመንበሩ እነግረዋለሁ እል ነበር። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ የእኔ ደብዳቤ ወጣልኝ፣ ፓስፖርቴ ታደሰ። ከዚያም በኋላ አልሄድኩም። ያን ጊዜ የሚያስፈራኝ ነገር ምን ቀርቶኝ ነበር? እፍረት ብቻ። እፍረት ግን በቂ ሆነ።

በዓመቱ ካርላ ጥናቱ ይደገም አለች፤ ደመወዝ እንዴት እንደተለዋወጠ የሚታወቀው ያንኑ ሰው ደግመው ሲጠይቁት ነው። ስለዚህ እትዬ ስንዱን ፈልጌ ማግኘት ነበረብኝ። ቶር ፒኛታራ፣ ከትራሙ ሐዲድ በስተጀርባ፣ አንዲት አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት ሲያስታምሙ አገኘኋቸው። አረንጓዴው ካፖርት በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ሐሙስ መውጣት ቀርቷል። ደስ ብሏቸው ሳሙኝ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው።

«ሎርዶውም ኔቶውም አንድ ሆኗል ልጄ» አሉኝ። «አተላም የለው፣ ጠላም የለው። አልጋና ምግብ፣ ከዚያ ልጇ ስትመጣ የምትሰጠኝ። ፔርሜሶዬ ከሌለ ማን ይጨምርልኛል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ። ምን አድርጌ ነው? ምኔ ነው ያልተጣራው?»

ይህን ጥያቄ በቁጣ ቢጠይቁኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው የጠየቁኝ፤ ልክ ሎርዶ ምንድን ነው እንዳሉኝ፣ ማወቅ ፈልገው ብቻ። መልሱም እፊታቸው ተቀምጧል፣ እርሳስ ይዞ። «እኔንጃ እትዬ» አልኩ።

ልወጣ ስል እጄን ያዙኝና ፈገግ አሉ። «ኤ፣ አስቱ፤ አሁንም መሃል ሰፋሪ ነኝ?»

«አሁንም እዚያው ነዎት» አልኳቸው።

«ቫ ቤኔ፣ መልካም» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ቢሮ ገብቼ መልሶቹን ከትንሽ እስከ ትልቅ ደረደርኩ። እትዬ ስንዱ ከሰልፉ የመጨረሻ ሆኑ፤ ከእሳቸው በታች ማንም የለም። ከዚያ መሃሉን ፈለግኩ። አንድ ነገር ተናግቶ ላገኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም አልተናጋም። እሳቸው በለቀቁት ቦታ አጠገባቸው የነበረች ሌላ ሴት ገብታለች፤ ደመወዟም ከእሳቸው የድሮ ደመወዝ እምብዛም አይለይም። ሜዲያናው ያው ነው። ካርላ በትከሻዬ አይታ «ጥሩ፣ የወረደ ነገር የለም» አለች። ያን ሁሉ ጊዜ የወደድኩት ጠባዩ ይኸው ነበር፤ ዳር ላይ የሆነው ነገር መሃሉን አይነካውም። መሃሉ ባዶ አይሆንም፤ ሰው ይወድቃል፣ ቁጥሩ ይቆማል።

እትዬ ስንዱ አሮጊቷ ከሞተች በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ ተባለ። የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም። የቃል ዘር ማንዘር የምጠይቅ እኔ፣ ይህችን አንዷን አልጠየቅኩም። ቢሞቱ ነፍሳቸውን ይማር፤ ቢኖሩ በጣም አርጅተዋል፣ ያ ጡረታ ሆኖ ይመለሳል ያልኳቸው አተላም አልተመለሰላቸውም።

ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ የእናንተ አይደለም። ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ቃሉ ቀልድ ነበር ማለትም እችላለሁ፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። ግን እኔ እውነት ተናግሮ መዋሸትን አውቀዋለሁና አልላቸውም። አንድ ነገር ብቻ፤ ያን አዳራሽ፣ ያን መነጽሩን ያወለቀ ሰውዬ፣ ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ልመልስለት።

እንደዚያ አይሏቸውም፣ ጓድ ሊቀመንበር። እንደዚያ ያልኳቸው እኔ ነኝ።